ራዲያተር ጠጋኙ ሃምሳ አለቃ

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል ወደ እኛ የሚወርድ መኪና ብርዱን ከላይ ትቶ ነው የሚመጣው። ደብረ ሲና ላይ ጃኬት ይወልቃል፣ አርማንያ ላይ መስኮት ይከፈታል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። ሽቅብ የሚመለሰው መኪና ግን ጣጣው ሌላ ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም ወይም ማሾ እስከ አፉ ጭኖ፣ በዚያ ሙቀት ዳገቱን ሊወጣ ሲነሳ ሞተሩ ይፈላበታል። አያቴ እንጀራቸውን የሚበሉት ከዚህ ሙቀት ነበር። ከከተማው መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር በቆርቆሮ በተከለለች ትንሽ ቤት የመኪና ራዲያተር ይጠግኑ ነበር።

በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነው። ሰፈርተኛው «ሃምሳ አለቃ» ይላቸዋል፤ ወታደር ሳሉ የደረሱበት ማዕረግ ነው። ሹፌሮች «አባቴ» ይሏቸዋል። «አባባ» የምላቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሳቸው እጅ የገባሁት እናቴ ወደ ጅዳ ስትሄድ ነው። አንደኛ ክፍል ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ ነበር። አባቴ ገና ጡት ሳልጥል ከእናቴ ጋር ተለያይቶ መተሐራ ሌላ ትዳር መሥርቷል። ሴት አያቴ እኔ ከመወለዴ በፊት አርፋለች። እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ እኔና አባባ መንገድ ዳር ቆመን ቀረን። አላለቀስኩም ይባላል። እኔ የማስታውሰው እጄን ይዘው ወደ ሥራ ቤታቸው እንደወሰዱኝና የተደፋ ጄሪካን ላይ አስቀምጠው ማንጎ እንደላጡልኝ ነው። ማንጎውን ስበላ ከፊቴ ቁጢጥ ብለው ያዩኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ዘመድ እየመጣ ይመክራቸው ጀመር። ሴት ልጅ በወንድ እጅ አታድግም፣ ካራቆሬ ካለችው አክስቷ ዘንድ ትሂድ የሚል ነበር ምክሩ። አባባ ሁሉንም ሰምተው፣ ውሃ አስቀድተው፣ ሸኟቸው። የመጨረሻዋ መካሪ የአባባ ታላቅ እህት ነበረች፤ እሷን ዝም ብሎ መሸኘት አይቻልም። እኔ በር ላይ ነበርኩ።

«የእናቷን ልጅነት ጦር ሜዳ በላብኝ» አሏት። «ይህችን አላህ ሰጠኝ። ለማንም አልሰጥም።»

ከዚያ በኋላ የመጣ መካሪ የለም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው ሥራ ቤታቸው ነው። የተፈታ ራዲያተር ሲመጣ አባባ አፎቹን ከጎማ ውስጥ በወጣ የከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ይደፍኑና ውሃ የሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ ይነክሩታል። ከዚያ በብስክሌት መንፊያ አየር ያስገቡበታል። የተበሳው ቦታ አረፋ ይተፋል። አረፋውን ቀድሞ ማየት የእኔ ጨዋታ ነበር። «እዚህ ጋ፣ አባባ!» ስል በምስማር ምልክት ያደርጉበታል። ከዚያ አውጥተው ያደርቁትና በብረት ብሩሽ ፈግፍገው፣ እርሳስ አቅልጠው ይደፍኑታል። እርሳሱ ሲቀልጥ ወደ ጭሱ እንዳልጠጋ በክርናቸው ገፋ ያደርጉኝ ነበር። ስጠራቸው በቀኝ በኩል መቆም ነበረብኝ፤ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። መድፍ ነው የወሰደው።

ስለ ጦርነት ግን አያወሩም። የማውቀው ከሌላ ሰው የለቃቀምኩትን ነበር። በወጣትነታቸው፣ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ወደ ኦጋዴን ዘምተው የመኪና ጥገና ክፍል ገቡ። ብየዳውን እዚያ ተማሩ፣ ጆሯቸውን እዚያ ጣሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተዛወሩ። በመሀል በፈቃድ መጥተው ሴት አያቴን አገቡ፣ እናቴ ተወለደች፣ እሳቸው ተመልሰው ግንባር ሄዱ። የቀረውን አላውቅም ነበር።

ጸጉሬን የምትሠራልኝ አንዲት ጎረቤታችን ነበረች። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ልጇ ዘንድ ልትኖር ወደ አጣዬ ሄደችብን። አባባ ማበጠሩን ይሞክራሉ፤ እኔ እጮሃለሁ፤ ይተዉታል። ሻሽ አስረውልኝ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ሻሹ ሥር ያለው ግን እንደ በግ ሱፍ ተያይዞ ነበር። በመጨረሻ መምህሬ ወደ እሳቸው ሰው ላከችባቸው፤ ወይ ይሠራላት ወይ ትላጭ ብላ። መላጨት የሚለውን ቃል ስሰማ ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራ ቤቱ በራፍ ላይ ሹፌሮችና ረዳቶች ተሰብስበው ይስቃሉ። በመሀላቸው ሾልኬ ገባሁ። አባባ ብረት የሚይዙበት ሞርሳ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወጥረው ሹሩባ ይሠራሉ። አጠገባቸው የቆመችው ከጎናችን ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ናት፤ የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደሚያልፍ እያሳየቻቸው። ላባቸው በአፍንጫቸው ይንጠባጠባል። አንዱ ሹፌር «ሃምሳ አለቃ፣ ራዲያተሩ ቀርቶ ጸጉር ቤት ሊከፍቱ ነው?» አላቸው። እሳቸው ቀና ሳይሉ፣ ደንበኛ ከመጣ ለምን አልከፍትም አሉ። ሳቁ ባሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሽቦውን እያየሁ ነገ መላጨት እንደሌለ ገባኝ።

እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ እጃቸውን በሎሚና በአመድ ፈግፍገው ታጠቡ። በእግሮቻቸው መሀል አስቀመጡኝና ጸጉሬን በቅባት እያለሰለሱ ቋጠሮውን በትዕግሥት ፈቱት። እስከ አሱር ሶላት ድረስ ፈጀባቸው። እናታቸው ለሕፃን የምትለውን በአርጎብኛ ያንጎራጉሩ ነበር፤ ትርጉሙን ራሳቸውም ግማሹን ረስተውታል። ሹሩባው ሲያልቅ አንዱ መስመር ወደ ጆሮዬ፣ ሌላው ወደ ግንባሬ የሄደ ነበር። መስተዋት ሰጡኝ። አይቼ ቆንጆ ነው አልኳቸው፤ እውነትም መስሎኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ሻሼን አውልቄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ፣ ግን ማን እንደሠራኝ ስነግራቸው ሳቁን ተዉት። እያደር መስመሩ ተስተካከለ። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ የሰፈሩ ሴቶች አባባን ለቀልድ ያህል ለሠርግ ሹሩባ እንዲሠሩ ይጠሯቸው ነበር።

ከእናቴ ጋር በስልክ እናወራ ነበር። ድምፅዋ ቶሎ ቶሎ ይቆራረጣል። እየጎበዝሽ ነው? እንዴት ነሽ? አባዬን አታስቸግሪ ትለኛለች። መልሴ ሁሌ አንድ ዓይነት ነበር። ሲቆይ ስልኩን ለአባባ ቶሎ ማቀበል ለመድኩ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ተመለሰች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበላት። ሻንጣዋን ከፍታ ቀሚስ አወጣችልኝ፤ አንገቴ ላይ ስትለካው ገና ከጉልበቴ በላይ ቀረ። እያደግኩ እንደሆነ ታውቃለች፣ ፎቶዬንም አይታለች፤ ሱቅ ውስጥ ገብታ ስትገዛ ግን ትታኝ የሄደችውን ልጅ ነበር ያለበሰችው። ሁለታችንም ቀሚሱን ይዘን ቆምን። ከዚያ እኔ እንግዳ እንደማስተናግድ ሁሉ፣ «ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎት» አልኳት።

አንቱ ያልኳት ሆን ብዬ አልነበረም። ከአፌ አመለጠኝ። እናቴ ቀሚሱን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ መለሰችው፣ ከቤቱ ኋላ ሄዳ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሰብኝ። አንቺ ልላት እፈልግና አፌ አይታዘዘኝም። ስሟን ሳልጠራ፣ እማዬም ሳልል፣ የሚያስጠራት ነገር ሲመጣ ሄጄ ትከሻዋን እነካት ነበር።

አባባ ጥቂት ቀን ሁኔታችንን ሲያዩ ሰነበቱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ያወሩልኝ ጀመር። ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ስላለቀበት ዕለት ነበር።

ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው ነው የመጡት። ወሎን ሲያቋርጡ ገበሬ እንጀራ እየሰጣቸው፣ አንዳንዱም እየሸሻቸው፣ ጫማቸው አልቆ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሸዋ ሮቢት ደረሱ። ጢማቸው አድጓል፣ ልብሳቸው ተቦጫጭቋል። የቤታቸው ደጅ ላይ አንዲት ልጅ ትጫወታለች። አወቋት። እሷ ግን አላወቀቻቸውም። ትንሽ አየቻቸውና ወደ ቤት ሮጣ ገባች።

«ምን አለች መሰለሽ ለእናቷ?» አሉኝ። «‹እማ፣ ለማኝ መጥቷል› አለቻት። እናቷ ጓዳ ነበረች፣ ማን እንደሆነ አላየችም። ‹ዳቦ ስጪው› አለቻት። ልጄ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ወጣች። ክንዷን ዘርግታ፣ ከሩቅ፣ እንዳልነካት እየተጠነቀቀች ሰጠችኝ።»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ተቀብዬ በላሁት። ከልጄ እጅ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ እናቴ ለረጅም ጊዜ ጋሼ እያለች ትጠራቸው እንደነበር ነገሩኝ። ሰው ይቆጣታል፣ እናቷ ትገሥጻታለች፣ እሳቸው ተዉአት ይላሉ። ማታ ማታ በሩ በኩል ስታያቸው ትደነግጣለች። አንድ ቀን ሮቢ ወንዝ ዳር ካለ የማንጎ ዛፍ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ያኔ ስትጮህ «አባዬ» አለች። እሳቸው ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ፊታቸውን ግን ወደ አስፋልቱ አዞሩ።

«ብዙ ቀን ጠፋብን» አሉኝ። «እሷም እኔም አናስመልሰውም። የእናንተ ግን ገና ነው። እሷ እንደ እኔ ዝም ብላ ትጠብቅሻለች፤ አውቃታለሁ፣ ልጄ ናት። እንዳታስጠብቂያት።»

ቤት ስደርስ እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። ሻሼን አውልቄ ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀመጥኩ። ጸጉሬ ተፈትቶ ይሠራልኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። አንቺ ማለት ገና አልቻልኩም፤ ጥያቄውን ለማንም እንዳልሆነ አድርጌ ነው ያልኩት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መፍታት ጀመረች። ትንሽ እንደሄደች እጇ ቆመ። ማን ነው እንዲህ አጥብቆ የሠራሽ ብላ ጠየቀችኝ።

«አባባ ናቸዋ» አልኳት።

«አባዬ? የእኔ አባዬ?»

ሽቦውን፣ ሞርሳውን፣ ሻይ ሻጯን ነገርኳት። ጀመራት ሳቅ። ስቃ ስቃ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነ፣ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አስደግፋ ተንሰቀሰቀች። እኔም አለቀስኩ። አባባ ሲመጡ ግማሽ ጸጉሬ ተፈትቶ፣ ግማሹ እንደታሰረ፣ ሁለታችንም ዓይናችን አብጦ አገኙን። ሰላምታ ሰጥተውን ወደ ጓዳ አለፉ። ቀስ እያለ አንቺ ወጣልኝ፣ እማዬም ተከተለ።

ሌላ ጦርነት ወደ እኛ የቀረበው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ወሬው ከደሴ በኩል ከመኪና ጋር ይመጣ ነበር፤ ከዚያ መኪናው ራሱ መምጣቱን አቆመ። አንድ ጠዋት ከተማው ተነሳ። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ፣ በባጃጁም በጋሪውም ወደ ዳገቱ ጎረፈ። አባባ አልሄድም አሉ። እናቴ እግራቸው ሥር ተደፋች። ደግሞ ዳቦ ይዤ እንድጠብቅህ ትፈልጋለህ አለቻቸው፤ አንተ ስትላቸው ያን ቀን ብቻ ሰማኋት። አባባ ተነሱ። ከሥራ ቤታቸው ፒንሳ፣ የከመነዳሪ ቁራጭ፣ ሳሙናና ባዶ ጄሪካን ብቻ ይዘው ወጡ። ደንበኛቸው የሆነ የአይሱዙ ሹፌር ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ጫነን።

አርማንያን አልፈን ዳገቱ ሲጠና መኪናዎች መቆም ጀመሩ። ከአቅማቸው በላይ ሰው ጭነዋል፣ ሞተራቸው እየፈላ እንፋሎት ይተፋል። መንገዱ ተዘጋ። ከኋላ ያለው ይጮሃል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። የእኛም መኪና ቆመ። ሹፌሩ ዘሎ ወርዶ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰድ አባባ ክንዱን ያዙት።

«ፊትህ ይላጣል። ይቀዝቅዝ» አሉት።

«አባቴ፣ ከኋላችን'ኮ እየመጡ ነው!»

«አውቃለሁ። ይቀዝቅዝ።»

ከዚያ በኋላ ያየኋቸውን ሰው ከዚያ በፊት አላውቃቸውም ነበር። በከተማው ውስጥ ሲሄዱ ወገባቸውን ይዘው፣ ቆም እያሉ ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ግን ሃምሳ አለቃ ሆኑ። ወጣቶቹን ጠርተው ግማሹን ከጅረቱ ውሃ እንዲያመጡ፣ ግማሹን ለጎማ ታኮ የሚሆን ድንጋይ እንዲሰበስቡ አዘዙ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ሰው ግን ታዘዛቸው። የሚያፈስ ቱቦ ሲያገኙ በፒንሳ ቆልምመው ይዘጉታል፣ የተቀደደ የውሃ ጎማ ሲያገኙ በከመነዳሪ ጠፍረው ያስሩታል፣ የራዲያተሩን ስንጥቅ በሳሙና ይሞሉታል። አንዱ መኪና ሲነሳ ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ። እናቴ ድንጋይ ትሸከማለች፣ እኔ ውሃ አመላልሳለሁ። የእኛ አይሱዙ ሲነሳ አባባ ሹፌሩን ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችን በእኛ ቦታ ጭነህ ሂድ አሉት። ሄደ። እኛ ቀረን።

እናቴ በጣም ፈርታ ነበር። አባዬ ይብቃ፣ እንሂድ ብላ እጃቸውን ስትስብ አስታውሳለሁ። ከተከፈተ ሞተር ላይ ቀና ብለው አዩዋት።

«ከሰሜን ስንመለስ የቆመውን መኪና ሁሉ እየተውን ነው የመጣነው» አሏት። «ዛሬ አንተውም።»

እናቴ እጃቸውን ለቀቀችና ሌላ ድንጋይ ልታመጣ ወረደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ ተከፈተ። በመጨረሻ የጠገኑት ፒክአፕ እኛን ጭኖ ወጣ። ጣርማ በር ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኛ የቆላ ልብስ ነው የለበስነው። መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ሴት የራሷን ጋቢ አውልቃ አባባን አለበሰቻቸው። እምቢ ሊሉ ሲሉ ተቆጣቻቸው። በጋቢው ውስጥ ትንሽ ሆነው ታዩኝ። እጃቸው በእንፋሎቱ ተቃጥሎ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ቆይተን ተመለስን። ቤታችን ቆሞ ነበር። የሥራ ቤቱ ቆርቆሮ ተገፍፏል፣ ሞርሳው የለም፣ በርሜሉም የለም። አባባ መሬት ላይ ተቀምጠው ባዶውን ቦታ አዩ። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ከጎረቤት መጥረጊያ ተውሰው ይጠርጉ ጀመር። ወሬው በሹፌሮች ዘንድ ሲሰማ አንዱ አሮጌ ሞርሳ፣ አንዱ በርሜል፣ አንዱ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ዳገቱ ላይ መኪናቸውን የጠገኑላቸው ሰዎችም ነበሩበት፤ አባባ መልካቸውን አያስታውሱም፣ እነሱ ግን ያስታውሷቸዋል።

ሥራው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። አዲሶቹ ራዲያተሮች ፕላስቲክና አልሙኒየም ናቸው፣ እርሳስ አይቀበሉም። ከተበላሹ ይጣላሉ፣ አዲስ ይገዛል። ወደ እሳቸው የሚመጡት አሮጌ መኪናዎችና አሮጌ ሹፌሮች ነበሩ። ጥገናው ጥቂት፣ ወሬው ብዙ ሆነ። ይህም አልከፋቸውም፤ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ስለ ሞተር ሲከራከሩ ይውሉ ነበር።

አምና፣ ከረመዳን በኋላ ታመሙ። ሐኪሙ ሳንባቸው እንደደከመ ነገረን፤ ቤት ይረፉ አለ። አልጋቸውን በረንዳ ላይ አወጣንላቸው። አንድ ቀን እናቴን ጠሯት። ጅዳ ስለኖረችበት ጊዜ አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም ነበር፤ መልካሙም ክፉውም ተሸፍኖ ቀርቷል።

«የማላውቀውን ዘመንሽን ንገሪኝ» አሏት። «ሁሉንም። እንዳይከፋኝ ብለሽ አትዝለይ።»

እናቴ ነገረቻቸው። የመጀመሪያዋን አሠሪዋን፣ መስኮት የሌለውን ክፍል፣ በኋላ ያገኘቻቸውን ደግ አሮጊት፣ ከባሕሩ የሚመጣውን ንፋስ። ያን ቀን አልጨረሰችም። በማግስቱ ቀጠለች፣ ከዚያም በማግስቱ። እሳቸውም በተራቸው የኦጋዴኑን፣ የሰሜኑን አወሩላት። እኔ ሻይ እያቀረብኩ አልፎ አልፎ እሰማ ነበር፤ ብዙውን ግን ተውኩላቸው። ሁለቱ ያልተያዩበትን ዘመን በየተራ ሲቀባበሉ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። አንዳንዴ ሳቃቸውን እሰማለሁ።

ወሬያቸውን ጨርሰው እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ልትቀሰቅሳቸው የሄደችው እናቴ ናት። ሞት አላስፈራቸውም መሰለኝ፤ ፊታቸው እንደ ደከመው ሠራተኛ ፊት ነበር። ዕለቱን ቀበርናቸው። አስፋልቱ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ መኪና ቆሞ ነበር። ሻይ ሻጯ ሴትዮ እናቴን አቅፋ፣ እንዲህ ያለ ጎበዝ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም አለቻት።

አሁን ካራቆሬ አስተምራለሁ። ሥራ ቤታቸውን ባጃጅ የሚጠግኑ ልጆች ተከራይተውታል፤ ከሩቅ ሙዚቃቸው ይሰማል፣ እናቴ አልፎ አልፎ ቀንሱት ትላቸዋለች። አርብ ከሰዓት ሚኒባስ ይዤ እመጣለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስለ አባባ እናወራለን፤ ሁልጊዜም አይደለም። አንዳንዴ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ተማሪዎቼ፣ ዝናቡ ዘንድሮ ስለ መዘግየቱ ነው የምናወራው። ሙቀቱ በረድ ሲል እናቴ ውሃ ትረጫለች፣ ከመሬቱ የሚነሳው ሽታ ደስ ይላል።